መጨረሻው ላይ ተቻኮሉ

እኔ ፊልም አይቼ ኮሜንት ስሰጥ ያለችኝ አንዲት አረፍተ ነገር ነች። «ታሪኩ አሪፍ ነው፣ መጨረሻው ላይ ግን ተቻኮሉ።» በቃ ይቺው ነች። በዚች አረፍተ ነገር ሶስት አመት ሙሉ ሰፈር ውስጥ ፊልም አዋቂ ተብዬ ኖሬያለሁ። የማትሰራበት ፊልም የለም፣ አክሽን ላይ ትሰራለች፣ የህንድ ላይ ትሰራለች፣ ተኝቼ ያለፈኝ ፊልም ላይ ደሞ ከሁሉም በላይ ትሰራለች፣ ምክንያቱም ለተኛ ሰው የትኛውም ፊልም መጨረሻው ይቻኮላል።

ሀዋሳ አቶቴ አካባቢ ማታ ማታ የምንሰበሰብባት አንዲት ጀበና ቡና አለች። እዛች በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ፊልም ይተቻል፣ ማየት አለማየቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ባጃጅ የሚነዳው ጓደኛችን ለምሳሌ ሙሉ ፊልም ከስንት ጊዜ በፊት እንዳየ እሱም አያስታውስም፣ ተራ ሲጠብቅ ስልኩ ላይ በሁለት ደቂቃ ተጨምቀው የሚተረኩትን ነው የሚያየው፣ ግን ያላየው ፊልም የለም። ትችቱም አጭር ነው፣ «ሚስቱን ይገሉበታል፣ ይጨርሳቸዋል።» ይሄ ብቻ። ስለ ፍቅር ፊልም ስትጠይቀው ራሱ ትንሽ ያስብና «ትተወዋለች፣ ይጨርሳቸዋል» ይልሀል። እነማንን እንደሚጨርስ አትጠይቀውም።

ጡረተኛው ጋሼ ደሞ አሉ። ጋሼ ስለማንኛውም ፊልም የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፣ «እውነተኛ ታሪክ ነው?» አይ ፈጠራ ነው ካልካቸው «ታድያ ምን አንጫጫችሁ?» ብለው ቡናቸውን ይጠጣሉ። የሚገርመው እሳቸው እስከዛሬ በጣም የወደዱት ፊልም ታይታኒክ ነው። «እንዴት ያለ ደስ የሚል የሽርሽር ፊልም መሰለህ» ይላሉ። ሽርሽር? ብለን ስንጠያየቅ ነው ጉዱ የወጣው። በሲዲ ጊዜ አንድ ሲዲ 80 ደቂቃ ገደማ ነበር የሚይዘው፣ ይሄ ፊልም ደሞ 3 ሰአት ከ14 ደቂቃ ነው፣ ስለዚህ ተከፋፍሎ ነበር የሚከራየው፣ ጋሼ ያዩት ሲዲ 1ን ብቻ ነው ለካ። ሲዲ 1 ላይ ደሞ በረዶው ገና አልመጣም፣ ይጨፈራል፣ ይበላል፣ ልጁ ስእል ይስላል። ጋሼ እውነተኛ ታሪክ እኮ ነው፣ መርከቧ በፈረንጆቹ 1912 ሰምጣለች ስንላቸው ዝም ብለው አዩንና «እሷ ሌላ መርከብ ትሆናለች» አሉ።

በዛን ቀን ስቄያለሁ። ባልስቅ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ አንድ የኮሪያ ፊልም መጣ። ኮሪያ ሲባል ደሞ ሰፈራችን ውስጥ ነገሩ ይከብዳል፣ በፈረንጆቹ 2020 ኦስካር ላይ የምርጥ ፊልሙን ሽልማት የኮሪያ ፊልም ነው የወሰደው፣ ከእንግሊዝኛ ውጪ በሆነ ቋንቋ የተሰራ ፊልም ይሄን ሽልማት ሲወስድ የመጀመሪያው ነበር፣ ከዛ ወዲህ የኮሪያ ፊልም ካልገባህ ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ፊልሙ ላይ አይላከክም። እኔ ፊልም የሚጭነው ልጅ ጋ ሄጄ በፍላሽ አስጫንኩ፣ «ጥራቱ አንደኛ ነው፣ ሲኒማ ቤት ውስጥ በካሜራ የተቀዳ እንዳይመስልህ» ብሎ ሰጠኝ፣ ከኔ ፍላሽ ባለባጃጁ ገለበጠ፣ ከሱ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጅ ገለበጠ፣ ከሱ የጋሼ ልጅ ገለበጠች፣ በሳምንት ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ አየው።

እኔ ያየሁት ከማዘር ጋር ነው። ማዘር ጎመን እየቀነጠሰች፣ እኔ ከስር ያለውን እንግሊዝኛ እያነበብኩ እየተረጎምኩላት። ሀቁን ለመናገር ትርጉሜ እንደ ኮሜንቴ ነው፣ ሴትዮዋ ሁለት ደቂቃ ሙሉ እያለቀሰች ስታወራ እኔ «ተናዳለች» ብዬ አልፋለሁ። ማዘር በጎን ታየኛለች። «ይሄ ሁሉ ተናዳለች ነው?» «በጣም ተናዳለች።» ታሪኩ ልጇ የጠፋችባት እናት ነች፣ አመት ሙሉ ትፈልጋታለች፣ መጨረሻ ላይ አንድ ቤት በር ጋ ትደርሳለች፣ ዝናብ ይዘንባል፣ በሩን ልታንኳኳ እጇን ታነሳለች፣ እጇ አየር ላይ እንዳለ ጨለማ። አለቀ።

«እና ከፈቱላት?» አለች ማዘር።

«ክፍት አጨራረስ ነው ማዘር።»

«ምኑ ነው ክፍት? በሩ ዝግ ነው እኮ!»

እኔ ደሞ ፊልም አዋቂ አይደለሁ፣ ዳይሬክተሩ ሆን ብሎ ነው፣ ለተመልካች ትቶት ነው ምናምን ብዬ አስረዳኋት። «ለኔ ምን ብሎ ይተውልኛል?» አለችና ጎመኗን ይዛ ተነሳች።

በነጋታው ጀበና ቡናዋ ጋ ስሄድ ክርክሩ ደርቷል። የዩኒቨርሲቲው ልጅ በሩ ምሳሌ ነው ይላል፣ ዝናቡም ምሳሌ ነው፣ ዣንጥላዋም ምሳሌ ነው። ባለባጃጁ «ትገባለች፣ ትጨርሳቸዋለች» አለ። ጋሼ እንኳን ወደውታል፣ «እውነተኛ ታሪክ እንዲህ ነው የሚያልቀው፣ የፈጠራ ቢሆን ይከፍቱላት ነበር» አሉ። እኔም ተራዬ ሲደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ «ታሪኩ አሪፍ ነው፣ መጨረሻው ላይ ግን ተቻኮሉ» አልኩ። በህይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገርኩ፣ ግን አላወቅኩም።

ማዘር ግን አለቀቀችኝም። «የሰሩት ሰዎች ስም አልመጣም እኮ» አለችኝ። ቃና በኛ 2008 ከጀመረ አንስቶ የውጭ ድራማ በአማርኛ ስታይ የኖረች ሴት ነች፣ ስም ሳይወርድ ያለቀ ነገር አይታ አታውቅም። ሊያልቅ ሲል ሙዚቃ ይመጣል፣ ስም ይመጣል፣ ከዛ ነው የሚያልቀው፣ ይሄ ግን ተቆርጦ ነው አለችኝ። ፍላሹን ሰካሁትና ከታች ያለውን ቁጥር አየሁት። ፊልሙ 2 ሰአት ከ11 ደቂቃ ይላል። ጥቁር የሚሆነው 1 ሰአት ከ49 ላይ ነው። 22 ደቂቃ የለም። ይቺን ቁጥር ሰፈር ሙሉ ተቺ ፊቱ ተደቅና ሳለች ማንም አላያትም።

ፊልሙን የጫነልኝ ልጅ ጋ ስሄድ ምንም አልደነገጠም። ፍላሽህ ፋት 32 ነው አለኝ፣ ከ4 ጊጋ የበለጠ ፋይል አይቀበልም፣ አንዳንዴ ጭራሽ እምቢ ይላል፣ አንዳንዴ ደሞ 4 ጊጋ ላይ ቆሞ የገባለትን ይዞ ይቀራል። «ምነው ያኔ አልነገርከኝ?» ስለው «ምነው ያኔ አልጠየቅከኝ?» አለኝ። ትንሽ አሳንሶ እንደገና ጫነልኝ።

እሁድ ሀይቁ ዳር አሳ የሚበላበት አሞራ ገደል ነበርን። ቆሮሶ አሳ ተጠብሶልን የዩኒቨርሲቲው ልጅ ስለ በሩ ለአንዲት ልጅ እያስረዳት ነው፣ እሷ በአድናቆት ትሰማዋለች፣ ከኋላዋ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍ ቆሞ እሱም ራሰ በራውን ዘመም አድርጎ በጥሞና ይሰማዋል፣ እሱ እንኳን የሚጠብቀው የአሳውን ጭንቅላት ነው። እዚህ ላይ ባልናገር ይሻል ነበር፣ ግን ተናገርኩ። ጓዶች፣ ፊልሙ አላለቀም፣ 22 ደቂቃ ይቀረዋል፣ ይኸው ፍላሹ።

ፀጥ አሉ። ከዛ የዩኒቨርሲቲው ልጅ አጥንቱን ለአባ ኮዳው ወረወረለትና «እኔ እንኳን ያኛውን ነው የምመርጠው» አለ። ባለባጃጁ «ምን ላደርገው፣ እንደምትጨርሳቸው አውቃለሁ» አለ። ጋሼን ማታ ሳገኛቸው «እሱ ሌላ ፊልም ይሆናል» አሉኝ። ፍላሹን አንድም ሰው አልወሰደም።

ስለዚህ ከማዘር ጋር ቁጭ አልን። አሳ በልቼ ሀይቅ ዳር ስዞር ውዬ ደክሞኛል፣ እጇን ስታነሳ ትዝ ይለኛል፣ ስታንኳኳም ትዝ ይለኛል። ከዛ በኋላ የማስታውሰው ማዘር በነጠላዋ ጫፍ አይኗን እየጠረገች ትከሻዬን ስትነቀንቀኝ ነው። አንድም ቃል አልተረጎምኩላትም፣ እሷ ግን አልቅሳ ጨርሳለች፣ ስክሪኑ ላይ የኮሪያ ስም እየወረደ ነው።

«ቆንጆ ነው» አለችኝ፣ «መጨረሻው ላይ ግን ትንሽ አንዛዙት።»

«በሩን ማን ከፈተላት?»

ሪሞቱን ከእጄ ወሰደችና ቲቪውን አጠፋችው።

«ክፍት አጨራረስ ነው» ብላኝ ገባች።