መስታወቱ የተሠራው ለኛ ዓይን ብቻ ነው

አያት አካባቢ፣ ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ፊት ለፊት አዲስ ሕንጻ ቆሟል። ከላይ እስከ ታች አንጸባራቂ መስታወት ነው። አጠገቡ ባሕር ዛፍ ስላለ ጠዋት ላይ ዛፎቹ ቁጭ ብለው መስታወቱ ውስጥ ይታያሉ፤ ከሩቅ ላየው ጫካው የቀጠለ ነው የሚመስለው። ወፎችም እንደዚያ መስሏቸው በሙሉ ፍጥነት ይገቡበታል። አንድ ቀን ጥበቃው ገና ሰውነቷ ያልቀዘቀዘ ዋኔ ከመሬት አንስቶ "እነዚህ ወፎች ዓይን የላቸውም እንዴ?" አለኝ።

አላቸው፤ ግን የኛ ዓይነት አይደለም። የኛ ዓይን የእነ ጉሬዛና የእነ ዝንጀሮ ወገን ነው። ቀለም የሚለዩ 3 ዓይነት ህዋሳት አሉን። ወፎች 4 አላቸው። አራተኛው እኛ ጨርሶ ወደማናየው አልትራቫዮሌት ጨረር ያስጠጋቸዋል፤ አንዳንዶቹን ደግሞ በደንብ ያሳያቸዋል። እያንዳንዱ ህዋስ ላይም ቀለሙን አጥርቶ የሚያሳልፍ ትንሽ የዘይት ጠብታ አለች። በቀለም በኩል በቃ አንደርስባቸውም።

ሰው ግን የንስርን ዓይን አይቶ ወፍ ሁሉ አጥርቶ የሚያይ ይመስለዋል። ስህተት ነው። ንስር ከኛ በእጥፍ ገደማ አጥርቶ ያያል፣ ድንቢጥ ግን ጥቃቅን ነገር በመለየት ከኛ በብዙ ታንሳለች።

ትልቁ ልዩነት የዓይን አቀማመጥ ነው። መናገሻ ጫካ ውስጥ ያለች ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ስትዘል ርቀቱን በትክክል መገመት አለባት፣ ካልሆነ ትወድቃለች፤ ለዚህ ሁለቱም ዓይኖቿ ወደ ፊት ያያሉ። የዋኔ ዓይኖች ግን በግራና በቀኝ ናቸው። ጭላት ከኋላ ሲመጣባት ሳትዞር ታየዋለች፤ ሁለቱ ዓይኖቿ አንድ ላይ የሚያዩት ግን ፊቷ ያለውን ጠባብ ቦታ ብቻ ነው።

እርግጥ መስታወት ለኛም አይታይም። ግን በሩን፣ ፍሬሙን፣ እጀታውን አይተን "እዚህ ጋ መስታወት አለ" እንላለን። ይሄን ለወፍ ማን ያስተምራታል?

ስለዚህ ወጪው ትንሽ የሆነ መላ እያለ ዝም ማለት ልክ አይመስለኝም። መስታወቱ ላይ ከውጭ በኩል፣ በ5 ሴንቲ ሜትር ልዩነት፣ ነጠብጣብ ወይም መስመር ማድረግ ነው። ከውጭ መሆኑ ግድ ነው፣ ነጸብራቁ ያለው ውጭ ነዋ። አንድ የጭልፊት ስቲከር ለጥፎ መተው አይሠራም፤ ወፎቹ በጎኑ አልፈው ይጋጫሉ። አልትራቫዮሌት ብቻ የሚያንጸባርቅ መስታወትም አለ፣ ነገር ግን ርግብና ጭላት ያንን ጨረር በቅጡ ስለማያዩት ለሁሉም የሚታይ ምልክት ይሻላል።

የሕንጻው ባለቤት "ውበቱን ያበላሽብኛል" አሉኝ። ተሟገትኳቸው፣ አሁንም አልተውኳቸውም። ከዚህ እስከ ለገጣፎ ገና መሠረት የሚቆፈርለት ሕንጻ ብዙ ነው፤ ዲዛይኑ ወረቀት ላይ እያለ ቢታሰብበት ተጨማሪ ወጪውም ያን ያህል አይሆንም። እኔ የቤቴን መስኮት ከልጆቼ ጋር በነጭ ቀለም ነጠብጣብ አድርጌዋለሁ። ግማሽ ቀን ፈጀብን።