ለልጄ አይደለም፣ ለራሴ ነው!

እስቲ ዛሬ አንድ የከነከነኝን ነገር ልተንፍስ። በዚህች በድሬ ከተማ ስልሳ ዓመት ላለፋት ሴት የሚሆን ማስካራ፣ ያ ሽፋሽፍት የሚቀባው ቀለም፣ ማግኘት ለምንድነው እንዲህ መከራ የሆነው? ከዚራ ያሉት ኮስሞቲክስ ቤቶች መደርደሪያቸው እስከ ጣሪያ ሞልቷል። ታይዋን ገበያ ብትገቡ ደግሞ ከዕቃው ብዛት መርገጫ የለም። ማስካራው በሽ ነው። ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ድቅድቅ ያለ ጥቁር፣ አወፍራለሁ፣ አስረዝማለሁ የሚል፣ ብሩሹ የጠርሙስ ማጠቢያ የሚያክል።

የምፈልገው ከባድ ነገር አይደለም። ጥቁር ቡናማ ቀለም፣ ቀጭን ብሩሽ፣ የማይረግፍ፣ ማታ ሳልፈትገው የሚለቅ። በቃ! ተቀብቼ ስወጣ ሰው «ዛሬ ደህና ተኝተሽ አድረሻል» ቢለኝ ደስ ይለኛል። «ዓይንሽን ምን ተቀባሽው?» እንዲለኝ አልፈልግም።

ገና ማስካራ የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ የሚመጣው ጥያቄ ግን የትም ሱቅ አንድ ነው። «ለልጅሽ ነው ማዘር?» አንቺ መባሌ አይደለም የከፋኝ። እኛ ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም አንተ፣ አንቺ እያልን ነው ያደግነው። የከፋኝ ጥያቄው ነው። «ለራሴ ነው» ስል ልጅቷ ጓደኛዋን ታያለች። ጓደኛዋ ስልኳ ላይ ታቀረቅራለች። ከዚያ ከመደርደሪያው አንዱን ብድግ ታደርግና «ይሄንን ሁሉም ነው የሚወስደው» ትለኛለች። ሁሉም የምትላቸው እኮ ሃያ ዓመት የሆናቸው ልጆች ናቸው!

ከዕድሜ ጋር የሚሳሳው የራስ ፀጉር ብቻ አይደለም። ሽፋሽፍትም ይሳሳል፣ ያጥራል፣ ቀለሙም ይለቃል። የላይኛው የዓይን ቆብ ደግሞ ይላላና ወደ ታች ይወርዳል። እንዲህ ባለ ዓይን ላይ ያንን ድቅድቅ ጥቁር ደራርባችሁ ቀቡበትና እዩት። የቀሩት ጥቂት ፀጉሮች እርስ በርስ ይጣበቁና አራት አምስት ጥቁር ዘንግ ሆነው ይቆማሉ። በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ሳስቶ የነበረው ጭራሽ ያለቀ ይመስላል። ጥቁር ቡናማ ሲሆን ግን ጠርዙ ይለዝባል፣ ፊት ላይ አይጮህም። ፈካ ያለውን ቡናማ አላልኩም፤ እሱ እኛ ፊት ላይ ከነጭራሹ አይታይም። ከጥቁር አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን ነው የምፈልገው። ይህንን ለማስረዳት ስሞክር «ጥቁሩ ይሻልሻል፣ ደመቅ ያደርግሻል» እባላለሁ። ደመቅ ማለት እንደማልፈልግ እየነገርኳቸው!

የመነጽሩን ነገር ደግሞ ማንም አያስበውም። በቅርብ ያለውን ያለ መነጽር አላይም። መነጽሬን ካደረግሁ ብሩሹ መግቢያ የለውም፣ ካወለቅሁ መስታወቱ ውስጥ ያለው ዓይኔ ጭጋግ ነው። ስለዚህ አጉሊ መስታወት ይዤ መስኮት አጠገብ እቆማለሁ። ወፍራሙ ብሩሽ እዚህ ላይ ነው የሚያስለቅሰኝ። ግማሹ ቀለም ቆቤ ላይ ይቀራል። የሚያስረዝመው ዓይነት ደግሞ መነጽሬን መልሼ ሳደርግ ሌንሱን ይነካል። ዓይኔን ባርገበገብኩ ቁጥር ሌንሱ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ሰረዝ ይጥልልኛል። ቀኑን ሙሉ መነጽር ስጠርግ ልዋል?

ሙቀቱን እንኳ ድሬ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ጥላ ሥር ተቀምጠሽ ላቡ በጆሮ ግንድሽ ይወርዳል። የተለመደው ማስካራ የሚሠራው ደግሞ ከሰም፣ ከቅባትና ከቀለም ነው። ላቡና የፊት ወዙ ሲያገኙት ይለቃል። ጠዋት ሽፋሽፍቴ ላይ የነበረው ምሳ ሰዓት ላይ ከዓይኔ ሥር ነው የማገኘው፣ ያውም በሽብሽባቱ መስመር መስመር ገብቶ። ሐረር እኅቴ ጋ ስወጣ ያው ማስካራ እስከ ማታ ንቅንቅ አይልም። በመንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቀን ነው፤ ግን ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላለች፣ አየሯም ነፋሻ ነው። እዚህ ቆላው ላይ ለምንኖረው ማን ያስብልን?

«እንግዲያው ዋተርፕሩፉን ውሰጂ» ይሉኛል። እሺ፣ ላብና ውሃ ይችላል። ማታስ? በዘይት ካላሟሟሽው አይለቅም። ቸኩለሽ ከፈተግሽው ደግሞ የሳሳው ሽፋሽፍት ተነቅሎ ከጥጡ ጋር ይመጣል። የዓይን ዙሪያ ቆዳ እንደሆነ ከፊታችን ሁሉ ስሱ እሱ ነው። ያለኝን ጥቂት ፀጉር በየማታው እየነቀልኩ ልጨርሰው?

ለዚህ መፍትሔ የለም እንዳትሉኝ። አለ። እያንዳንዷን ፀጉር በስስ ሽፋን ለየብቻ የሚጠቀልል የማስካራ ዓይነት አለ። ወዝ አያሟሟውም፣ ስለዚህ ከዓይን ሥር አይጠቁርም። ማታ ለብ ባለ ውሃ አርጥበሽ ቀስ ብለሽ ሳብ ስታደርጊው ሽፋኑ እንዳለ ተላቆ ጣትሽ ላይ ይቀራል። ጥቁር ውሃ የለ፣ ፍተጋ የለ። የእኅቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ አንድ ይዛልኝ መጥታ ነበር። የድሬን ሙቀት ችሎ ሲውል በዓይኔ አይቻለሁ። እሱ ካለቀ ወዲህ ነው እንዲህ የምንከራተተው። እዚህ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን የሰማ ሻጭ እስካሁን አልገጠመኝም።

አሁን ደግሞ በጣም ወደሚያናድደኝ ልምጣ። አንዱ ሱቅ «ሞክሪው ማዘር» ብላ ክፍቱን ማስካራ ዘረጋችልኝ። አፉ ዙሪያውን ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል። ብሩሹ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ ሽፋሽፍት ተጣብቋል። ያንን ስንት ሰው ዓይኑ ውስጥ ከትቶት ይሆን? ትራኮማ ባልጠፋበት አገር! የዓይን ፈሳሽ በእጅና በጨርቅ በሽታ እንደሚያስተላልፍ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተነግሮናል፤ ብሩሽ ሲሆን ምን ልዩነት አለው? «ደርቋል እኮ» ስላት ያለችኝን ስሙ። «ውሃ ጠብ አድርጊበት፣ ይለሰልሳል።» እንዴ! ማስካራ ውስጥ ጀርም እንዳይራባ የሚያደርግ ነገር ይጨመራል። ውሃ ስትጨምሩበት እሱን ነው የምታቀጥኑት። አንዴ የተከፈተ ማስካራ ከሦስት ወር በኋላ መጣል ያለበትም ለዚሁ ነው። ካርቶኑ ላይ ክዳኑ የተከፈተ ትንሽ ብልቃጥ ተሥሎ ውስጡ «6 ኤም» የሚል ካያችሁ ከተከፈተ በኋላ ስድስት ወር ማለት ነው። እኔ ለዓይን ሲሆን ሦስቱን ነው የማምነው። ግን ሱቅ ውስጥ መቼ እንደተከፈተ ማን ያውቃል? ገበያ ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ፀሐይ ሲጠብሰው የሚውለውንማ ተዉት።

ሠርግ ሲደርስ ሳሎን ብሄድ ደግሞ «አርቲፊሻል ልለጥፍልሽ» ነው መልሱ። ሙጫው ሲነሳ የራስን ሽፋሽፍት ይዞ ይነሳል። ቆቤ ራሱ ከብዶት ወርዷል፣ ሌላ ሸክም ልጨምርበት?

«ኩሉ ምን አለው?» የሚሉኝ ጎረቤቶች አሉ። ኩል እወዳለሁ። እናቴ እስከ መጨረሻዋ ትኳል ነበር። ግን ኩል የዓይንን ጠርዝ ነው የሚያጠቁረው፤ ሽፋሽፍቱን አያነሳውም። በዚያ ላይ በዱቄት ከሚሸጠው ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ያለበት አለ። ምን እንደተፈጨበት የማላውቀውን ነገር ዓይኔ ውስጥ አልጨምርም። ሕፃን የምትኩሉም ይህን አስቡበት።

ግን እኮ እኛ ጋ ትልቅ ሴት ማጌጧ ነውር ሆኖ አያውቅም። ሐረር ጀጎል ግቡ። እጃቸው በሒና የደመቀ፣ ዓይናቸው የተኳለ አያቶችን ታያላችሁ። እዚህ መጋላም እንዲሁ ነው። ሠርግ ሲቃረብ ሒናው ሲበጠበጥ አያትም የልጅ ልጅም እኩል እጃቸውን ይዘረጋሉ። ያን ጊዜ ዕድሜ የሚጠይቅ የለም። ታዲያ ማስካራ ላይ ሲደርስ ነው የእኔ ዕድሜ የሚቆጠረው? ከስልሳ በኋላ መስታወት ማየት ቀርቷል ያላችሁ ማነው? እኔ ወጣት ለመምሰል አልወጣሁም። የራሴን ፊት ነው የምፈልገው፣ ትንሽ ነቃ ብሎ።

እናንተ ባለሱቆች፣ ከአዲስ አበባም ከዱባይም ዕቃ ስታስጭኑ አንድ ደርዘን ጥቁር ቡናማ ጨምሩበት። ገዢ አለው። ከጡረተኛ ጓደኞቼ ጋር ቡና ስንጠጣ ሁላችንም የምናነሳው ይህንኑ ነው። አስተማሪ የነበረች አለች፣ ነርስ የነበረች አለች፣ እስካሁን የራሷን ሱቅ የምታንቀሳቅስ አለች። በዋጋ አንጨቃጨቅም፤ የተባልነውን እንከፍላለን። ለሻጮቻችሁም አንድ ነገር ንገሯቸው። የምትገዛዋን ሴት ለማን እንደምትገዛ ከመጠየቅ ምን ዓይነት እንደምትፈልግ ይጠይቋት።

እስከዚያው ድሬ ውስጥ ጥቁር ቡናማ፣ ብሩሹ ቀጭን፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ ማስካራ ያየ ሰው ካለ ሰፈሩን ይንገረኝ። ሳቢያንም ይሁን ገንደ ቆሬ በባጃጅ እደርሳለሁ። ጥር ላይ የወንድሜ ልጅ ሠርግ አለብኝ፤ ከዚያ በፊት መሞከሪያ ጊዜ እፈልጋለሁ።