የወባ ትንኝ ከደጃችን በርሜል

በአዳማ ስለ ወባ ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ አዋሽ ዳርና ወደ ወንጂ የመስኖ ቦዮች ነው። ቀበሌ ለዘመቻ ሲጠራንም አካፋ ይዘን የምንወጣው ያቆረ ውሃ ለማፋሰስ ነው። ሥራው ተገቢ ነው፤ ነባሯ የወባ ትንኝ የምትራባው በዝናብ ኩሬና በመስኖ ዳር ነውና። ከዘመቻው ስንመለስ ደጃችን ላይ የሚጠብቀንን የውሃ በርሜል ግን ማንም አይፈትሸውም።

አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የተባለችው የእስያ የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ በአገራችን በቀብሪ ደሃር ተገኘች። ከዚያ ወዲህ ድሬዳዋንና አዋሽ ሰባትን ጨምሮ በበርካታ የምሥራቅ ከተሞች መኖሯ ተረጋግጧል፤ አዋሽ ሰባት ደግሞ ከጅቡቲ የሚመጡት ከባድ መኪኖች በየዕለቱ አልፈውት እኛ ጋ የሚደርሱ ከተማ ነው። ይህች ትንኝ ከተማ ይስማማታል። ሮቶ፣ በርሜል፣ ለግንባታ ውሃ የተቆፈረ ጉድጓድ ይበቃታል፤ ዝናብ ስለማትጠብቅም በበጋ ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ በበጋ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር መያያዙን ተመራማሪዎች አሳይተዋል።

በቅርቡ በግቢያችን ያለውን ሰማያዊ በርሜል ከፍቼ አየሁ። ከሩዝ ፍሬ የቀጠኑ እጮች በውሃው ገጽ ላይ ተጋድመው ነበር፤ ጥላዬ ሲያርፍባቸው እየተወራጩ ወደ ታች ሰመጡ። የሌሎች ትንኞች እጭ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል፤ እንዲህ የሚጋደመው የወባ ትንኝ እጭ ነው። ለልጆች ምግብ የሚቀዳው ከዚያው በርሜል ነው።

ትንኟ ወባን ይዛ አትወለድም። ተሕዋሱን የምትቀበለው ከታመመ ሰው ደም ሲሆን፣ በውስጧ አድጎ ወደ ምራቋ እስኪደርስ ከአስር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ትኩሳት የያዘው ሰው «ምች ነው» ብሎ ዳማ ከሴ እየጠጣ ሳይመረመር የሚያሳልፋቸው ቀናት ጉዳታቸው ለጎረቤትም ይተርፋል። አጎበርም ብቻውን አይበቃም፤ ይህች ትንኝ ገና ሳንተኛ፣ ደጅ ተቀምጠን ሳለን ልትነክሰን ትችላለችና።

ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰው «ድፋው» ማለት ምክር አይሆንም። የበርሜሉን አፍ በስስ ጨርቅ ሸፍኖ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ ፈረቃው ደርሶ አዲስ ውሃ ከመሞላቱ በፊትም ግድግዳውን ፈትጎ ማጠብ ግን ይቻላል፤ እንቁላሉ በሙቀት አስር ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ክንፍ ሊያወጣ ስለሚችል በየሳምንቱ ቢደረግ ይበጃል። ይህን ሁሉ በቤተሰብ ጫንቃ ላይ መጣል ግን ፍትሐዊ አይመስለኝም። ቧንቧው ሳይቋረጥ ቢመጣ ማን በርሜል ይደረድራል? የከተማው አስተዳደር የወባ መከላከል ዕቅድ ሲያወጣ የውሃ ባለሙያዎችን አብሮ ያስቀምጥ፤ የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥም የውሃ ጉድጓድን መክደን ግዴታ ያድርግ። በመጪው ዘመቻም አካፋ ከሚይዙት መካከል የተወሰኑት በየግቢው እየገቡ፣ ከባለቤቶቹ ጋር ሆነው የበርሜል ክዳን ያንሱ።