«ልጄ በእጃቸው ናት፣ ምን ልበል?»

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ለእረፍት ሄጄ ሳለ የእህቴ ልጅ የሳንባ ምች ይዟት ሆስፒታል ተኛች። ገና የዘጠኝ ወር ሕፃን ናት። እኔም አስታማሚ ሆንኩ። ቀን እኔ፣ ሌሊት እህቴ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ወጣት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ወደ አልጋችን መጣች። «በአገልግሎታችን ረክታችኋል?» ስትል ጠየቀች። እህቴ ቀና ብላ «እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ በጣም ጥሩ ነው» አለቻት። ልጅቷም ምልክት አድርጋ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች።

ከአንድ ሰዓት በፊት ግን ይህችው እህቴ ስታለቅስ ነበር። ጠዋት ራውንድ ላይ፣ ማለትም ሐኪሞች በየአልጋው እየዞሩ ሕሙማንን በሚያዩበት ሰዓት፣ ስምንት ዘጠኝ ሆነው አልጋውን ከበቡት። ስለ ልጇ ብዙ ተነጋገሩ፣ ሁሉንም በእንግሊዝኛ። ከዚያ ሁሉ ንግግር እህቴ የያዘችው አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ «ሲቪር»። እኔ ስደርስ ሐኪሞቹ ሄደዋል። እጄን ጭምቅ አድርጋ «ከባድ ነው ማለት ነው አይደል? ልትሞትብኝ ነው?» አለችኝ።

ታዲያ ለምን «ጥሩ ነው» አልሽ ብላት መልሷ አጭር ነበር። «ልጄ በእጃቸው ናት፣ ምን ልበል?»

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ልጄ አራት ዓመት ሲሆነው አስም ተነስቶበት ሦስት ሌሊት ሆስፒታል አድረናል። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል። ልጄ ትንፋሽ ሲያጥረው ግን ድርግም ብሎ ጠፋብኝ። ነርሷ ገብቷት መሰለኝ፣ ባለጎማ ማቆሚያ ላይ የተገጠመ ታብሌት እየገፋች መጣች። ስክሪኑ ላይ አንድ አስተርጓሚ ብቅ አሉና «እንደምን አመሹ» ሲሉኝ እንባዬ መጣ። ይህ ችሮታ አይደለም። መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይችል ቤተሰብ የቋንቋ እርዳታ መስጠት አለበት።

አዲስ አበባ ላይ እህቴና ሐኪሞቿ የሚግባቡበት ቋንቋ አማርኛ ነው። እሷ ግን አስተርጓሚ ያስፈልጋት ነበር። ይህ ነገር እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

ያኔ ቨርጂኒያ ከልጄ ጋር ከሆስፒታል ወጥተን ጥቂት ቆይቶ ለእኔም መጠይቅ ደረሰኝ። አሜሪካ ውስጥ ለሕፃናት ሆስፒታሎች ተብሎ የተዘጋጀ ቻይልድ ኤችካፕስ የሚባል መጠይቅ አለ። 2014 ላይ ነው የወጣው። አብዛኞቹ ጥያቄዎቹ ረክተሻል ወይ አይሉም። የሆነውን ነው የሚጠይቁት። ሐኪሞቹ በሚገባሽ መንገድ የሚያስረዱሽ ስንት ጊዜ ነበር? ደወል ስትጫኚ ቶሎ ይደርሱልሽ ነበር? መልሱ ከ«በፍጹም» እስከ «ሁልጊዜ» ነው። ውጤት ሲወጣ ሙሉ ነጥብ የሚቆጠረው «ሁልጊዜ» ብቻ ነው። «ብዙ ጊዜ» አይበቃም።

አንዱን ጥያቄ በተለይ ወደድኩት። ስለ ልጅ ቤተሰብ ከማንም በላይ የሚያውቀው ነገር አለ ይላል፤ ጸባዩን፣ ሲፈራ በምን እንደሚረጋጋ። ስለዚህ ጠይቀዋችሁ ነበር ወይ? የእህቴ ልጅ የምትረጋጋው የእናቷን ነጠላ ጫፍ ስትይዝ ነው። ይህን ማንም አልጠየቃትም። መርፌ ሲወጓት እናትየውን በር ላይ አቆሟት፣ ልጅቷም እስኪጨርሱ ጮኸች።

የአሜሪካው እንከን የለውም አልልም። ያ መጠይቅ በይፋ የተዘጋጀው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። ሆስፒታሉ ራሱ ካላስተረጎመው በቀር አስተርጓሚ ያስፈልጋት የነበረች ሐበሻ እናት ስትወጣ አስተያየቷን የምትሰጥበት መንገድ የላትም። ብዙ መናገር የነበረባት ግን እሷ ናት።

በሌላ በኩል አገራችን መለኪያ አጥታ አይደለም። የጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የጤና ባለሙያ የሚል አጀንዳ ይዞ ተነስቷል። የአስተያየት መስጫ ሳጥኑም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ነገር ግን አራስ ልንጠይቅ ሄደን ገንፎው ቢያርር እንኳ «ጣፍጧል» ብለን ያደግን ሰዎች ነን። በዚያ ላይ ልጅ አልጋ ላይ ተኝቶ «ረክታችኋል?» ሲባል የሚመጣው መልስ ምስጋና ነው። ስለዚህ ጥያቄው ይቀየር። የልጅሽ በሽታ ምን እንደሆነ ነግረውሻል? የምትወስደው መድኃኒት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የሚያሳስብሽ ነገር ቢኖር ለማን ትናገሪያለሽ? ለዚህ «ተመስገን» መልስ አይሆንም። ደግሞ ልጁ ድኖ ቤቱ ከገባ በኋላ ይጠየቅ፣ የሚጠይቀውም የክፍሉ ሠራተኛ አይሁን።

ሐኪሞቹ ላይ መፍረድ አይደለም። ሥራ በዝቶባቸዋል። ሕክምና የተማሩት በእንግሊዝኛ ነው፣ ራውንዱም ለሕክምና ተማሪዎች መማሪያ ነው። ግን አምስቱ ደቂቃ የእነሱ ከሆነ አንዷ ደቂቃ የእናትየዋ ትሁን። 2018 ላይ የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን አሜሪካ ሰባት ሆስፒታሎች ቤተሰብን ራውንዱ ውስጥ አስገብቶ በቀላል ቋንቋ ማነጋገር ሲጀመር ልጆችን የሚጎዱ የሕክምና ስህተቶች በ38 በመቶ እንደቀነሱ አሳይቷል። ለእናት ማስረዳት ለልጁ ሕይወትም ነው ማለት ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት አንዲት ነርስ እህቴ ዓይኗ ማበጡን አይታ ተመለሰች። ቁጢጥ ብላ «እናቷ፣ ነይ ላሳይሽ» አለቻት። ከባድ የነበረው ስትገባ መሆኑን፣ አሁን እየተሻላት መሆኑን ነገረቻት። የልጅቷን ልብስ ገለጥ አድርጋ ትንፋሽ እንዴት እንደሚቆጠር አሳየቻት። ቤት ከገባችሁ በኋላ በደቂቃ 50 ከደረሰ ወይም ካለፈ ቶሎ አምጫት አለቻት። ሁለት ደቂቃ ብትፈጅ ነው።

ቤት በገባን በሁለተኛው ሌሊት እህቴ መብራት አበራች። የስልኳን ሰዓት ከፍታ የልጇ ደረት ከፍ ዝቅ ሲል እያየች በከንፈሯ ቆጠረች።

«44» አለችኝ። መብራቱን አጥፍታ ተኛች።