«እሷማ ትንሽ ነገር ናት»

ያገለገለ መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሰው ብቻውን አይሄድም። አጎት አሉ፣ «መኪና ያውቃል» የተባለ የሰፈር ልጅ አለ፣ ደላላ አለ። አጎት ጎማውን በጫማቸው ነካ ያደርጋሉ። ልጁ ቴፑን ከፍቶ ስፒከር ይሞክራል። ደላላው «ዶክተር ነው የያዛት፤ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት» ይላል። (በደላላ ቆጠራ ቢሆን አገሪቱ የሐኪም እጥረት አያውቃትም ነበር።) ስለ ፍሬን የሚጠይቅ ግን የለም። ክላክሱ እስከጮኸ ድረስ ፍሬን ምን ያደርጋል?

ኮፈኑ ሲከፈት የፍሬን ዘይቱ ዕቃ በሾፌሩ በኩል ከወደ ኋላ ይታያል፤ ላይኛና ታችኛ መስመር አለው። ይህ ዘይት እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። ከጎደለ ወይ ሸራው (ዲስኩን ጨምቆ መኪናዋን የሚያቆመው) ተበልቶ የሚገፋው ፒስተን ወደ ፊት ስለወጣ ዘይቱ ተከትሎት ወርዷል፣ ወይ የሆነ ቦታ ያንጠባጥባል። ሻጭም ይህን ስለሚያውቅ ጠዋት እስከ አፉ ይሞላዋል። ገዢ «ሙሉ ነው» ብሎ ይረካል፤ ዶሮን ሲያታልሏት ይሉሃል ይህ ነው። አዲስ ሸራ የሚገባ ዕለት ፒስተኑ ወደ ኋላ ሲገፋ የተረፈው ዘይት ገንፍሎ ይፈሳል፣ የነካውን ቀለም ይልጣል። «ቀለሟ የፋብሪካ ነው» የሚለው የአጎት ምስክርነትም አብሮ ይላጣል።

ስለዚህ ከዘይቱ በፊት ሸራው ይታይ። አዲስ ሸራ ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ 3 ከደረሰ መቀየር አለበት። በቸርኬው ቀዳዳ በስልክ መብራት የሚታየው የውጭው ሸራ ብቻ ነው። ካሊፐሩ (ሸራዎቹን የያዘው መንጋጋ) የሚንሸራተትበት ፒን ከተጣበቀ የውስጡ ቀድሞ ያልቃል፣ የውጭው ግን እንደ ሙሽራ ቆንጆ ሆኖ ይጠብቃል። የኋላው ፍሬን በዲስክ ፈንታ ታምቡር (ከበሮ መሳይ ድፍን ዕቃ) ከሆነ የጎማው የውስጥ ጎን ይዳሰስ፤ ከረጠበ ታምቡሩ ውስጥ ያለው የፍሬን ሲሊንደር ያፈሳል።

ቀለሙም ይናገራል። አዲሱ ዘይት ብርዝ ይመስላል፣ የከረመው ቡና። እርጥበት ከአየር ስለሚስብ በየ2 ዓመቱ ይቀየራል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ ውኃ ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሰው ዘይቱን አፍልቶ እንፋሎት ሲያደርገው ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ከባድ ማርሽ ያስገባ ሾፌር ይህን አያይም።

ሞተር ጠፍቶ ፔዳሉ አራት አምስቴ ይረገጥና ተይዞ ይቆይ። ቀስ እያለ ከወረደ ማስተሩ (ፔዳሉ የሚገፋው የዘይት ፓምፕ) ወይም የዘይቱ መስመር ያፈሳል፤ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር ገብቷል። ቁልፉ ሲዞር ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀዩ የፍሬን መብራት ይበራል፣ የእጅ ፍሬን ሲለቀቅ ይጠፋል። ጨርሶ ካልበራ ችግሩ ሳይሆን አምፖሉ ነው የተፈታው። ቤተሰብ ውስጥም ነገር የሚበርደው እንዲሁ ነው።

«ፍሬኑስ?» ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ «እሷማ ትንሽ ነገር ናት፣ ታሠራታለህ።» «እንግዲያው ጎማው ይፈታና እንየው» ሲባል ደላላው ሌላ ገዢ መንገድ ላይ እንደሆነ ድንገት ያስታውሳል። አጎትም ጎማውን አንዴ ደግመው ነካ ያደርጋሉ።