ስሜት ሲቀየር፦ መድኃኒቱን እንታገሠው ወይስ እንለውጠው?

ለኤዲኤችዲ፣ ማለትም ለትኩረት ማነስና ከልክ ላለፈ መቅበጥበጥ፣ ከሚታዘዙ መድኃኒቶች ውስጥ አነቃቂ ያልሆኑት አራቱ አቶሞክሰቲን፣ ቪሎክሳዚን፣ ጓንፋሲንና ክሎኒዲን ናቸው። እንደ ሜቲልፌኒዴት ያሉት አነቃቂዎች በተዋጡበት ቀን ውጤታቸው ይታያል፤ እነዚህ ግን ሳምንታት ይፈልጋሉ። እስከዚያው አንዱ ይነጫነጫል፣ ሌላው ይፈዛል፣ ሌላውን እንቅልፍ ይጫጫነዋል። ይህ ሰው ይታገሥ ወይስ መድኃኒቱ ይለወጥለት? የአእምሮ ሐኪሙ ለትዕግሥት ይከራከራል፤ ፋርማሲስቷ በተቃራኒው ቆማለች።

ሐኪሙ፦ ከአቶሞክሰቲን ልጀምር፤ ቅሬታው የሚበዛው እሱ ላይ ነውና። ሥራው የነርቭ ሴሎች ኖርኤፒነፍሪን የተባለውን መልእክት አድራሽ ኬሚካል መልሰው እንዳይስቡ መከልከል ነው። በፊተኛው የአንጎል ክፍል ዶፓሚን የሚባለውን ሌላ መልእክት አድራሽም የሚያነሣው ያው መሳቢያ ስለሆነ እዚያ ሁለቱም ይጨምራሉ። የደስታና የሽልማት ስሜት በሚመነጭበት ክፍል ግን ዶፓሚን አይጨምርም፤ ስለዚህ ሞቅታ የለውም፣ ለሱስም አይዳርግም። ችግሩ የጊዜ ቅደም ተከተሉ ነው። ማቅለሽለሽ፣ የአፍ መድረቅ፣ የልብ መምታትና ቁጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣሉ፤ ጥቅሙ ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ 12 ሳምንት ይዘገያል። በሁለተኛው ሳምንት ከተፈረደበት ጉዳቱ ብቻ ቀርቦ፣ ጥቅሙ ሳይሰማ ተፈረደ ማለት ነው።

ከዚያ በላይ የሚያስቸግረው ጥድፊያ ነው። ክብደቱ እስከ 70 ኪሎ ለሆነ ልጅ መነሻው በቀን ለአንድ ኪሎ 0.5 ሚሊግራም፣ መድረሻው 1.2 ሚሊግራም ነው። 50 ኪሎ ቢመዝን በ25 ሚሊግራም ይጀምርና 60 ይደርሳል። መመሪያው ከ3 ቀን በኋላ ማሳደግን ይፈቅዳል። እኔ ግን በ3 ቀን ከ25 ወደ 60 መዝለል ነው ብዙውን ሰው የሚያስመርረው እላለሁ። መነሻው ላይ ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ በ40 በኩል አልፎ፣ ምግብ በልቶ መዋጥ ይሻላል።

ፋርማሲስቷ፦ «ያልፋል» የሚለው ነገር ለማቅለሽለሹ እውነት ነው ዶክተር። ለስሜት ግን እንዲህ በጅምላ አይባልም። የአቶሞክሰቲን ማስጠንቀቂያ ሕፃናትና ወጣቶች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊያመጣ እንደሚችል ከባዱ ማስጠንቀቂያ በሚጻፍበት ጥቁር ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣል፤ በአጭር ጊዜ ጥናቶች ከወሰዱት 1,000 ልጆች በ4ቱ ገደማ ታይቷል፣ ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት በአንዱም አልታየም። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ግን በይበልጥ ንቁ ሁኑ የሚባለው መቼ ነው? በመጀመሪያዎቹ ወራትና መጠኑ በተቀየረ ቁጥር። እርስዎ «ታገሡ» የሚሉባቸው ሳምንታት እነዚያው ናቸው! ለወላጅ መነገር ያለበት በግልጽ ነው፦ ልጁ ያልነበረበት ብስጭት፣ መቁነጥነጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድንገተኛ ከባድ ፍርሃት ወይም ከጠባዩ የራቀ ነገር ካሳየ ቀጠሮ አይጠበቅም። ቪሎክሳዚንም ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ አለው።

ሌላው መፍዘዙ ነው። የቤት ሥራው ይሠራል፣ ክፍል ውስጥ ጸጥ ይላል፣ ሁሉም ያመሰግነዋል። መሳቅ እንዳቆመ፣ ጓደኞቹን እንደተወ ግን ራሱም አያውቀውም። እና ይኼን ማን ይታገሥ?

ሐኪሙ፦ ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ያለበትን ሰው ታገሥ የሚል ሐኪም የለም፤ በዚያው ቀን ይደወላል። በዚህ አንጣላም። ግን ቁጣን፣ መፍዘዝንና ድብታን አንድ ጆንያ ውስጥ አይክተቱብኝ። የፈዘዘ የሚመስለው ልጅ መንቀዥቀዡ ስለቆመ ብቻ ጸጥ ብሎ ሊሆን ይችላል። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ የሚወደው ነገር አሁንም ያስደስተዋል? ጸጥ ብሎም ኳሱን ሲያገኝ ፊቱ የሚበራ ከሆነ ተዉት። ኳሱም ካላስደሰተው መጠኑ ይቀነስ፤ ከ60 ወደ 40 ወርዶ ሁለት ሳምንት ይታይ። መድኃኒቱን መለወጥ ግን ጥበቃውን ከአንድ መጀመር ነው።

ፋርማሲስቷ፦ መጠን ካነሡ አይቀር፣ እንክብሉ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ደም ውስጥ ያለው አንድ አይደሉም። አቶሞክሰቲንን የሚያፈርሰው ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል የጉበት ኢንዛይም ነው። አብዛኛው ሰው ላይ የመድኃኒቱ ግማሽ በ5 ሰዓት ገደማ ይወገዳል። ኢንዛይሙ በተፈጥሮ የማይሠራላቸው ሰዎች ግን ለዚያው አንድ ቀን ገደማ ይፈጅባቸዋል፤ ሰውነታቸው የሚያገኘው ጠቅላላ መጠንም 10 እጥፍ ይደርሳል። ፍሉኦክሰቲን ወይም ፓሮክሰቲን ለድባቴ የሚወስድ ሰውም፣ መድኃኒቶቹ ኢንዛይሙን ስለሚገቱበት፣ እንደዚያው ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰው በመነሻው መጠን 4 ሳምንት መቆየት አለበት፤ ከዚያም የሚጨመርለት ለውጥ ካላየና ከተስማማው ብቻ ነው። ፍሉኦክሰቲን ከተቋረጠ በኋላም ለሳምንታት ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ «ትቼዋለሁ» ማለቱ አይበቃም። ሌላ ምን እንደሚወስድ ሳይጠየቅ ታገሥ የተባለ ሰው የሚታገሠው የመድኃኒት መብዛትን ነው።

ቪሎክሳዚን ደግሞ በቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም አጥብቆ ይገታል። ሰውዬው የለመደውን ሁለት ስኒ ቡና ጠጥቶ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊቱን ይነጋበታል፣ በማግስቱ ይቆጣል። ጥፋቱ የሚለጠፈው መድኃኒቱ ላይ ነው።

ሐኪሙ፦ ታዲያ መፍትሔው ቡናውን መቀነስ እንጂ መድኃኒቱን መለወጥ ነው? ለእኔ ተከራከሩልኝ እኮ!

አሁን ወደ ጓንፋሲን ልለፍ፤ «ቶሎ ለውጡ» የሚለው ምክር ትልቁን አደጋ የሚያመጣው እዚህ ነው። የሚጀመረው በቀን 1 ሚሊግራም ነው፤ በሳምንት ከ1 ሚሊግራም በላይ አይጨመርም። ድብታው የሚከብደው መጀመሪያ ላይና መጠኑ ባደገ ቁጥር ነው። የደም ግፊትና የልብ ምት ስለሚቀንስም ሲነሡ ያዞራል። ከውጭ ለሚያይ ኀዘን ይመስላል እንጂ እንቅልፍ ነው፤ ማታ ሲዋጥ ብዙውን ጊዜ ይቀላል። ቀስ ብሎ የሚለቀው ክኒን ከተሰበረ ወይም ከታኘከ፣ ወይም ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ከተወሰደ ወደ ደም የሚገባው ይጨምርና ድብታው ይብሳል። የተማረረ ቤተሰብ ክኒኑን በአንድ ቀን ቢጥለው ደግሞ የደም ግፊቱ ተመልሶ ይተኮሳል፤ ልብ ይመታል፣ ጭንቀት ይመጣል። ጓንፋሲን በየ3 እስከ 7 ቀኑ ከ1 ሚሊግራም ሳይበልጥ፣ ዘመዱ ክሎኒዲን ደግሞ ከ0.1 ሚሊግራም ሳይበልጥ እየተቀነሰ ነው የሚቆመው።

ፋርማሲስቷ፦ ለሁለቱ ልክ ነዎት። አቶሞክሰቲን ግን ቀስ በቀስ መቀነስ ሳያስፈልገው ሊቆም ይችላል፤ ስለዚህ አንዱን ምክር ለአራቱም አያድርጉት። ደግሞ ጓንፋሲን የሚቋረጠው በፈቃድ ብቻ አይደለም። ልጁ አስመልሶት ሁለት ቀን ከዘለለ ወደ ቀድሞው መጠን ዝም ብሎ ከመመለስ በፊት መደወል ነው፤ ከዝቅተኛው መጀመር ሊያስፈልግ ይችላል።

እኔ የምቃወመው ቀን የሌለውን ትዕግሥት ነው። የመጀመሪያው እንክብል ከመዋጡ በፊት እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ቁጣና ደስታ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ተሰጥቷቸው ይጻፉ። አንዱን ወረቀት ራሱ፣ ሌላውን አብሮት የሚኖር ሰው ይሙላ፤ በየሳምንቱ በአንድ ቀን። መነሻው ካልተጻፈ ሁሉም ከትዝታው ይከራከራል። ደስታ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ከመነሻው ከወረደ፣ ወይም ሙሉ መጠን ላይ 6 ሳምንት ሞልቶ ትኩረት ካልተሻሻለ፣ ይለወጥ። አለበለዚያ «ትንሽ እንይ» እየተባለ ዓመት ይዞራል።

ሐኪሙ፦ ወረቀቱን ተቀብያለሁ። ሁለት ሳምንቱን ግን አልቀበልም፤ በእነዚያ ሳምንታት መጠኑ አድጎ ወይም ፈተና ደርሶ ሊሆን ይችላል። ብዙዎች ደግሞ አቶሞክሰቲንን የሚጀምሩት አነቃቂውን በዚያው ቀን ጥለው ነው። ድካሙና የስሜቱ መቀዝቀዝ አነቃቂው በመቅረቱ የመጣ ሆኖ ሳለ አዲሱ ይከሰሳል። አቶሞክሰቲኑ እስኪይዝ አነቃቂውን ጎን ለጎን ማቆየት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ማውጣት ይቻላል። እኔ ከ8 ሳምንት በፊት አልፈርድም።

ፋርማሲስቷ፦ ጎን ለጎን ሲሄዱ ሁለቱም የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋሉ፤ የሚለካ ሰው ከሌለ አይሞከር። ቁጣውም የማን እንደሆነ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ሰዓቱ ይመዝገብ፦ አነቃቂው በሚያልቅበት ሰዓት ብቻ የሚመጣ ቁጣ የአነቃቂው ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ያለው ወደ አዲሱ ያመለክታል። ስምንት ሳምንቱን ለትልቅ ሰው ልተውልዎት፤ ደስታው ለጠፋ ልጅ አልተውም። አንድ ድካም ግን የእርስዎንም የእኔንም ቆጠራ አይጠብቅም፦ አቶሞክሰቲን የሚወስድ ሰው ድካሙ ከጠቆረ ሽንት፣ ከቆዳ ማሳከክ ወይም ከዓይን ቢጫነት ጋር ከመጣበት ነገሩ ስሜት ሳይሆን ጉበት ነው። አልፎ አልፎ ብቻ ይከሰታል። ሲከሰት ግን መድኃኒቱ ወዲያው ይቆማል፣ የጉበት ምርመራ ይደረጋል፤ በምርመራው ጉበቱ መጎዳቱ ከታወቀ ደግሞ ዳግመኛ አይጀመርም።