የድጎማ ክስ ከተደጓሚ አፍ ሲወጣ

በ2015 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሦስቱ የአሜሪካ ግዙፍ አየር መንገዶች ዴልታ፣ ዩናይትድና አሜሪካን ኤርላይንስ ባለ 55 ገጽ ሰነድ ይዘው ዋሽንግተን ደጅ መጥናት ጀመሩ። ክሳቸው ግልጽ ነበር። የዱባዩ ኤምሬትስ፣ የአቡዳቢው ኢቲሃድና የኳታሩ ኳታር ኤርዌይስ ከ2004 ጀምሮ ከመንግሥቶቻቸው ከ42 ቢሊዮን ዶላር በላይ ድጎማ ወስደዋል፤ ስለዚህ የክፍት ሰማይ ስምምነቱ እንደገና ይታይ፣ እስከዚያው አዳዲስ በረራዎቻቸው ይቁሙልን አሉ። ተከሳሾቹ ሽምጥጥ አድርገው ካዱ። ድጎማ ሳይሆን ባለቤቱ ያዋጣው ካፒታል ነው የሚል መልስም ተሰጠ። ባለቤቱ ራሱ መንግሥት መሆኑ እንዴት እንደሚረሳ እኔንጃ!

የክፍት ሰማይ ስምምነት ማለት የሁለት አገሮች አየር መንገዶች መንግሥት የበረራ ብዛትና ዋጋ ሳይወስንባቸው እርስ በርስ እንዲበሩ መፍቀድ ነው። አሜሪካ የመጀመሪያውን በ1992 ከኔዘርላንድስ ጋር ተፈራረመች። ከዚያ በኋላ አገር ለአገር እየዞረች ስታስፈርም የኖረችው እሷው ናት። ያኔ ማንም አላማረረም። ምሬቱ የመጣው ሌላው ሰው በዚያው ሰማይ ላይ ሲቀድም ነው።

ክሱ ውስጥ እውነት የለም አልልም። አለ። ግን ከሳሹስ?

በ2001 ከመስከረሙ ጥቃት በኋላ የአሜሪካ ኮንግረስ ለአየር መንገዶቹ 5 ቢሊዮን ዶላር በጥሬው፣ እስከ 10 ቢሊዮን ደግሞ በብድር ዋስትና ፈቀደ። ዩናይትድ በ2002፣ ዴልታ በ2005፣ አሜሪካን በ2011 የኪሳራ ሕግ ጥላ ሥር ገቡ። እዚያ ሆነው ዕዳቸውን አቃለሉ፣ ደመወዝ ቀነሱ፣ ዩናይትድማ የሠራተኞቹን ጡረታ መንግሥታዊው የጡረታ ዋስትና ድርጅት ጫንቃ ላይ ጥሎት ወጣ። በኮቪድ ጊዜ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በሦስት ዙር ወደ 54 ቢሊዮን ዶላር ለደመወዝ መክፈያ ሰጣቸው። አብዛኛው የማይመለስ ነው። ጀርመን ለሉፍታንዛ 9 ቢሊዮን ዩሮ አዘጋጀች፤ ሉፍታንዛ የወሰደውን መልሷል፣ ይህን መካድ ነውር ነው። ቢሆንም ሲቸግር መንግሥት እንደሚደርስልህ አውቀህ መሥራትም ራሱን የቻለ ድጎማ ነው።

ደግሞ ሁሉን ነገር በገንዘብ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ኤምሬትስ በ1985 ሥራ ሲጀምር ከዱባይ መንግሥት 10 ሚሊዮን ዶላር ወስዶ፣ ከፓኪስታን አየር መንገድ ሁለት አውሮፕላን ተከራይቶ ነው። የቀረውን ትልቅ ሥራ የሠራለት ካርታው ነው። ዱባይና ዶሃ በአውሮፓ፣ በእስያና በአፍሪካ መካከል ተቀምጠዋል፣ ረጅም ርቀት የሚበሩ አውሮፕላኖች ሲመጡ ደግሞ ከየአቅጣጫው ያመጡትን ሕዝብ ለሁለት ለሦስት ሰዓት አሳርፈው እንደገና መበተን ቻሉ። ከእንግሊዝ ኒውካስል ወደ ህንዷ ኮቺ የሚሄድ ሰው በነባሮቹ የምዕራብ አየር መንገዶች ከሄደ መጀመሪያ ለንደን፣ ከዚያ ሙምባይ ወይም ዴልሂ፣ ከዚያ ሌላ በረራ። በዱባይ ከሆነ አንዴ ወርዶ አንዴ መሳፈር ነው። ሻንጣ የያዘና ልጅ ያዘለ ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ለማወቅ 55 ገጽ ማንበብ አያስፈልግም።

ፍራንክፈርት ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት መደበኛ በረራ ክልክል ነው፤ በአውሮፕላን ማረፊያው ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ መተኛት አለበትና። ዱባይ ሌሊቱም ሥራ ነው። የሠራተኛ ማህበርም የዱባይና የአቡዳቢ አገር በሆነችው የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ውስጥ አይፈቀድም። እኔን ከድጎማው ይልቅ የሚከነክነኝ ይሄ ነው። ርካሹን ትኬት ያመጣው የካርታው ጥቅም ብቻ ሳይሆን፣ ሠራተኛው ተደራጅቶ መጠየቅ አለመቻሉም ጭምር ከሆነ፣ ስለ ፍትሐዊ ውድድር የሚጮኸው ሰው መጀመር ያለበት ከዚህ ነው። ግን ነባሮቹ እዚህ ላይ ብዙ መጮህ አይመቻቸውም። ዴልታ ራሱ የበረራ አስተናጋጆቹ ማህበር እንዲያቋቁሙ ፈልጎ አያውቅም።

የነዳጅ ገንዘብ ሁሉን ያሸንፋል የሚለውን ስጋት ደግሞ ኢቲሃድ ራሱ አፍርሶታል። የጣሊያኑን አየር መንገድ የአሊታሊያን 49 በመቶ፣ የጀርመኑን የኤር በርሊንንም ትልቅ ድርሻ ገዝቶ ነበር። ሁለቱም በ2017 ከሰሩ። አቡዳቢ ቢሊዮኖች አፍስሳ ያተረፈችው ትምህርት ነው።

እና መጨረሻው ምን ሆነ? በ2018 ኳታርና ኤምሬቶች የአየር መንገዶቻቸው ሂሳብ ግልጽ እንዲሆን ከአሜሪካ ጋር ተስማሙ። በ2020 አሜሪካን ኤርላይንስ ከኳታር ኤርዌይስ ጋር፣ በ2022 ዩናይትድ ከኤምሬትስ ጋር አንዱ የሌላውን በረራ እንዲሸጥ ተዋዋሉ። ዘራፍ ሲሉ ከነበሩት ከሦስቱ ሁለቱ ማለት ነው። የብሪቲሽ ኤርዌይስ ባለቤት ኩባንያማ ከመጀመሪያውም ጩኸቱ ውስጥ አልገባም፤ ዛሬ ሩብ ያህሉ የኳታር ኤርዌይስ ነው።

እኔ ብጠየቅ ሂሳቡ ይገለጥ፣ የሠራተኛ መብት በበረራ ስምምነቶች ውስጥ ይግባ፣ ሰማዩ ግን አይዘጋ እላለሁ። አንድ ሌላ ነገርም አለ፣ ብዙም አይወራም እንጂ። ነባሮቹ ቀጥታ በረራቸውን ሲተዉት መንገደኛው በጥቂት መተላለፊያ ከተሞች ላይ ይንጠለጠላል። በጁን 2025 ኳታር የአየር ክልሏን ለሰዓታት ብቻ ስትዘጋ በብዙ አህጉራት ያለ መንገደኛ ነው የተንገላታው። ነባሮቹ ስለ ድጎማ ከሚነዘንዙ ይህን ቢያነሱ እኔም ጆሮ እሰጣቸው ነበር።

ሰማይን ለተፎካካሪ መዝጋት ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ አውስትራሊያን ማየት ነው። ኳታር ኤርዌይስ በሳምንት 21 ተጨማሪ በረራ ልጀምር ብሎ ጠየቀ፣ በ2023 መንግሥት አይሆንም አለ። የትኬት ዋጋ ጣሪያ ነክቶ፣ የአገሩ ትልቁ አየር መንገድ ቃንታስ ሪከርድ የሰበረ ትርፍ ባስመዘገበበት ዓመት! ሕዝቡ ተንጫጫ፣ ሴኔቱም አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ኳታር ግን በሌላ በር መጣ። የቃንታስ ተፎካካሪ የሆነውን የቨርጂን አውስትራሊያን 25 በመቶ ገዛ፣ በ2025 ተፈቀደለት፣ በዚያው ዓመት አጋማሽ ቨርጂን ከሲድኒ ወደ ዶሃ መብረር ጀመረ። አውሮፕላኑም ሠራተኛውም ከኳታር ኤርዌይስ የተከራያቸው ናቸው።